የተሸሸገ ቍስል
ራስን ስለ ማወቅና የልብን ነገር ለሚያደምጥ ሰው ስለ መግለጥ የተጻፈ ትምህርት



ጥርስህን ቢያምህ ወደ ጥርስ ሐኪም ትሄዳለህ፤ ዓይንህ ቢፈዝ መነጽር ታሠራለህ፤ ወባ ቢይዝህ ደምህን አስመርምረህ ኪኒን ትውጣለህ። በዚህ ሁሉ ማንም አይነቅፍህም፤ አንተም አታፍርም። ነገር ግን ልብህ በኀዘን የደቀቀ፥ እንቅልፍህ በሐሳብ ብዛት የሸሸ፥ ከባለቤትህና ከልጆችህ ጋራ መነጋገር ያቃተህ እንደ ሆነ ምን ታደርጋለህ? ብዙዎቻችን «ሆድ ይፍጀው» ብለን ዝም እንላለን። ይህንም ትዕግሥት ብለን እንጠራዋለን፤ ጨዋነትም ይመስለናል።

ይህች ትንሽ ትምህርት የተጻፈችው ስለዚህ ነገር ነው። ሆድ የሰጡትን ሁሉ አይፈጅም። ያልተነገረ ኀዘን፥ ያልተመረመረ ፍርሃት፥ ምንጩ ያልታወቀ ቍጣ በሆድ ውስጥ ጠፍቶ አይቀርም፤ መውጫ ፈልጎ ይወጣል። ሲወጣም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በበደለን ሰው ላይ ሳይሆን በአጠገባችን በተገኘውና አቅሙ ከእኛ በሚያንሰው ሰው ላይ ነው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ስለ ሥጋ በሽታ ብቻ አይደለም።

አንደኛ፤ የአንድ አባት ምሳሌ

ነገሩ ይገለጥልህ ዘንድ በምሳሌ እንመልከተው። በአንድ ከተማ የሚኖር አንድ ጸሓፊ ነበረ እንበል። በመሥሪያ ቤቱ የተመሰገነ ነው፤ አለቃው ቢቈጣው ይታገሣል፤ ባለ ጉዳይ ቢጮኽበት በለሰለሰ ቃል ይመልሳል። ማታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ወጡ ጨው ቢበዛበት፥ ጫማው ከቦታው ቢታጣ፥ ልጆች ድምፅ ቢያሰሙ ቍጣው እንደ እሳት ይነዳል። የእግሩ ኮቴ ከደጅ በተሰማ ጊዜ የቤቱ ጨዋታ ሁሉ ይቋረጣል። እርሱም ይህን ዝምታ አክብሮት ነው ብሎ ያስበው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የስምንት ዓመት ልጁ የሻይ ብርጭቆ ሰበረ፤ ስባሪውንም ሲለቅም መዳፉን ቈረጠው። ልጁ እንዳይታወቅበት ስባሪውን ከአልጋ ሥር ሸሽጎ፥ እጁን በሹራቡ ጠቅልሎ፥ «አልራበኝም» ብሎ ተኛ። በእኩለ ሌሊት አባቱ ብርድ ልብስ ሊያለብሰው ቢቀርብ ሹራቡ በደም ርሶ አገኘው። «ልጄ፥ ምነው ሳትነግረኝ?» ቢለው፥ ልጁ «እንዳትቈጣኝ ብዬ ነው፤ አሁን አያመኝም» ሲል መለሰለት።

አባትየው ያን ሌሊት አልተኛም። ልጁ ከቍስሉ ይልቅ አባቱን እንደ ፈራ ዐወቀ። ደግሞም ብዙ ዘመን ያላሰበው ነገር ትዝ አለው። እርሱ ራሱ ወላጆቹ ሞተውበት በአጎቱ ቤት ሲያድግ፥ ሲያመው «አያመኝም»፥ ሲርበው «ጠግቤያለሁ» ማለትን ተምሮ ነበር። እንግዲህ ልጁ ቍስልን መሸሸግ ከማን እንደ ወረሰ ተረዳ።

አንባቢ ሆይ፥ ወደ ፊት ከማንበብህ በፊት ጥቂት ቁም። በቤትህ ቍስሉን ከአንተ የሚሸሽግ ሰው ይኖር ይሆን? ብለህ ራስህን ጠይቅ።

ሁለተኛ፤ በነገሩና በቍጣው መካከል ስላለው ሐሳብ

«ልጁ ብርጭቆ ስለ ሰበረ ተቈጣሁ» እንላለን። ነገር ግን በሁለት ቤት ሁለት ብርጭቆ ቢሰበር፥ በአንዱ ቤት ጩኸት ይሰማል፤ በሌላው ቤት «እጅህን አልቈረጠህም?» የሚል ቃል ይሰማል። የተሰበረው ዕቃ አንድ ዐይነት ሲሆን የሰዎቹ ነገር ስለ ምን ተለያየ? በሆነው ነገርና በቍጣው መካከል አንድ ሐሳብ ስለሚያልፍ ነው።

ይህን ነገር በትጋት ከመረመሩት ሰዎች አንዱ በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሐኪም አሮን ቤክ ነው፤ በ1921 ተወልዶ በ2021 በመቶ ዓመቱ ዐረፈ። (በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ቤክ አስቀድሞ የተማረው የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ የጀመረውን፥ በሽተኛው ያለፈ ዘመኑን እያነሣ ረጅም ጊዜ የሚናገርበትን የሕክምና መንገድ ነበረ። ነገር ግን በ1960ዎቹ ዓመታት በትካዜ የተያዙ ሰዎችን ሲያደምጥ አንድ ነገር አስተዋለ። በልባቸው ሳይጠሩት የሚመጣና ፈጥኖ የሚያልፍ ሐሳብ ነበረ፤ «እኔ የማልረባ ነኝ»፥ «ሰው ሁሉ ይንቀኛል»፥ «ነገም ከዛሬ አይሻልም» የሚል። ሐሳቡ ከማለፉ ፍጥነት የተነሣ አይመረምሩትም፤ ሳይመረምሩትም ያምኑታል። ቤክ በሽተኞቹን ያን ሐሳብ ይዘው እንደ ዳኛ እንዲመረምሩት ያስተምራቸው ጀመረ። በ1979 ከባልደረቦቹ ጋራ ስለ ትካዜ ሕክምና መጽሐፍ አሳተመ፤ ይህም የንግግር ሕክምና ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል።

አሁን ወደ ጸሓፊው እንመለስ። ብርጭቆ ሲሰበር በልቡ የሚያልፈው ሐሳብ ምንድር ነው? «በገዛ ቤቴም ተናቅሁ» የሚል ነው። ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤት የዋጠው ውርደት፥ በልጅነቱም በአጎቱ ቤት የቀመሰው መናቅ በዚህች አጭር ሐሳብ ውስጥ ተከማችቶ አለ። ልጁ ግን አልናቀውም፤ እጁ ስታዋለት ነው። አባትየው የሚጮኸው በልጁ ላይ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሚጮኸው በዚያ ቤት በሌሉ ሰዎች ላይ ነው።

አንተም እንዲህ አድርግ። አንድ ደብተር ውሰድ፤ በተቈጣህበት ወይም ልብህ በከበደበት ቀን አራት ነገር ጻፍ፤ ምን ሆነ? በልቤ ምን ሐሳብ አለፈ? ምን ተሰማኝ? ምን አደረግሁ? ኋላም ሐሳቡን እንዲህ ብለህ መርምር፤ እውነት ለመሆኑ ምን ምስክር አለኝ? የሚቃወመውስ ምስክር የለምን? የሆነው ነገር ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆን? ወዳጄ እንዲህ ቢያስብ ምን ብዬ እመልስለት ነበር?

ነገር ግን ይህ መልካም መልካሙን ብቻ እያሰቡ ራስን ማታለል እንዳይመስልህ። ሐሳቡ እውነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ በእርግጥ ዕዳ አለብህ ይሆናል፤ በእርግጥም ተበድለህ ይሆናል። እንደዚያ የሆነ እንደ ሆነ ሥራው ሐሳቡን መለወጥ ሳይሆን ችግሩን ከፋፍሎ አንድ በአንድ መፍታት ነው። ምርመራው እውነቱን ከፍርሃት ለመለየት ነው።

ሦስተኛ፤ ስለሚያደምጥ ሰው

ሰው የገዛ ጀርባውን በዓይኑ አያይም። ራሱን ብቻውን የሚመረምር ሰውም ወይ ለራሱ ያደላል፥ ወይ በራሱ ላይ ያለ ምሕረት ይፈርዳል። ስለዚህ የሚያደምጥ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ነገር ከገዛ አህጉራችን በሆነ ታሪክ አስረዳሃለሁ።

በዚምባብዌ አገር ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም አለ። ያክማት የነበረች አንዲት ወጣት ሴት ወደ ሆስፒታሉ የምትመጣበት የአውቶቡስ ዋጋ አጥታ ቀረች፤ ኋላም ራሷን አጠፋች። ይህን በአደባባይ የተናገረ እርሱ ራሱ ነው። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ በሆስፒታል ተቀምጦ በሽተኛን መጠበቅ እንደማይበቃ ተረዳ። ያገሩ የአእምሮ ሐኪሞች ደግሞ በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። በ2006 በሐራሬ ከተማ ምባሬ በሚባለው ሰፈር ከ14 አያቶች ጋራ ሥራ ጀመረ። እነዚህ ሴቶች በሰፈራቸው የታወቁና የተከበሩ፥ ለጤና ጣቢያ የሚያገለግሉ እናቶች ነበሩ እንጂ ሐኪሞች አልነበሩም። ማድመጥንና ችግርን አብሮ መፍታትን ተማሩ፤ በጤና ጣቢያውም ግቢ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሰው ይቀበሉ ጀመር።

አስቀድሞ ሐኪሙ «የአእምሮ ጤና ወንበር» ብሎት ነበርና ሰው አፍሮ አልቀረበም። አያቶቹ መክረውት ስሙ «የወዳጅነት ወንበር» ተባለ፤ ሰውም መጣ። የበሽታውንም ስም ከባዕድ ቋንቋ አላመጡም፤ የሾና ሕዝብ «ኩፉንጊሲሳ» ይለዋል፤ ትርጓሜው ማሰብ ማብዛት ነው። የእኛም ሰው «ሐሳብ አብዝቶ ተጐዳ» ይል የለምን? ሥራቸው በሦስት የተከፈለ ነው፤ አስቀድሞ ልብን መክፈት፥ ቀጥሎ ማንሣት፥ በመጨረሻ ማጽናት። አያቲቱ «እንዲህ አድርግ» ብላ አታዝዝም፤ ሰውየው ችግሮቹን ቈጥሮ አንዱን እንዲመርጥ፥ መፍትሔውንም ራሱ እንዲያገኝ ትረዳዋለች።

ይህ ሥራ በወሬ ብቻ አልቀረም፤ ተመዝኗል። በሐራሬ በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ተመርጠው እኩሌቶቹ ወደ ወንበሩ ሄዱ፤ እኩሌቶቹ የተለመደውን እርዳታ አገኙ። ከስድስት ወር በኋላ የትካዜ ምልክት የተገኘባቸው በተለመደው እርዳታ ከነበሩት ከመቶ 50 ያህል፥ በወንበሩ ከተቀመጡት ግን ከመቶ 14 ያህል ነበሩ። ይህም በ2016 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ታትሞ ወጣ። እንግዲህ አስተውል፤ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣው ወርቅ ወይም ታላቅ ሕንፃ አይደለም፤ በሚገባ ማድመጥን የተማረ ሰው ነው።

አራተኛ፤ ስለ አገራችን ልማድ

«እኛ ሽማግሌ አለን፤ የንስሐ አባት አለን፤ ቡና ጠጥተን የምንጫወት ጎረቤትም አለን፤ ሌላ ምን ያስፈልገናል?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ እነዚህ መልካም ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ቤትም አቁመዋል። ነገር ግን ሥራቸው ልዩ ልዩ ነው። ሽማግሌ የሚቀመጠው ጠብን ለማብረድና ባልና ሚስትን ለማስታረቅ ነው፤ ዕርቁ ከሆነ በኋላ ይነሣል። የንግግር ሐኪም ግን ጠቡ ከየት እንደሚወለድ፥ ስለ ምንም እንደሚመላለስ ለማወቅ ከአንተ ጋራ ይቀመጣል። ጎረቤት ያዝንልሃል፤ ምስጢርህ ግን በሌላ ቡና ላይ ሊነሣ ይችላል። ሐኪም ምስጢርህን ይጠብቅ ዘንድ የሙያው ግዴታ አለበት። ወዳጅ ገና ሳትጨርስ ይመክርሃል፤ የሠለጠነ አድማጭ ግን እስክትጨርስ ይታገሣል፤ ከዚያም አንተ ያልጠየቅኸውን ጥያቄ ይጠይቅሃል።

ሌላው ደግሞ «የሚጸልይ ሰው እንዲህ ያለ ሐኪም አይሻም» ይላል። ለዚህ ሰው እንዲህ ብለህ መልስለት፤ ወንጌልን የጻፈው ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበረ። ነቢዩ ኤልያስም ተስፋ ቈርጦ ሞትን በተመኘ ጊዜ አስቀድሞ የተሰጠው እንቅልፍና እንጀራ ውኃም ነበረ እንጂ ዘለፋ አልነበረም። የደከመ ሰው እምነቱ ስለ ጐደለ ደከመ ብሎ መፍረድ በቍስል ላይ ቍስል መጨመር ነው። ጸሎትህን አትተው፤ ሐኪምህንም አትተው።

በአገራችን ይህን ሙያ የተማሩ ሰዎች ገና ጥቂቶች ናቸው፤ ነገር ግን አሉ። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ይገኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2003 ጀምሮ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ያሠለጥናል። በሌሎችም ከተማዎች በሆስፒታሎች ይህን የተማሩ ነርሶች አሉ። ወዴት እንደምትሄድ ባታውቅ በቅርብህ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደህ ጠይቅ።

አምስተኛ፤ ማስጠንቀቂያ

ሦስት ነገር ጠብቅ። የመጀመሪያው፤ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፥ ብዙ ሌሊት ያለ እንቅልፍ የሚያድር፥ ወይም ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው በቤትህ ቢኖር ደብተርና ምክር ብቻ አይበቃውም። ብቻውን አትተወው፤ ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል ውሰደው፤ በሰንሰለትም አትሰረው። «ሞት ታስባለህን?» ብሎ በርኅራኄ መጠየቅ ክፉ ሐሳብ አይጨምርበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ።

ሁለተኛው፤ የቍጣን ምንጭ ማወቅ ለቍጣ ይቅርታ ማግኛ አይደለም። «በልጅነቴ ተበድያለሁና» እያለ ሚስቱን የሚመታ ሰው ራሱን አላወቀም፤ ሰበብ አገኘ እንጂ። የምትመታ ሴትም መታገሥ ይገባታል አትበል፤ አስቀድሞ ከጉዳት ትጠበቅ።

ሦስተኛው፤ ፈጥኖ መዳንን አትጠብቅ። በብዙ ዘመን የተሠራ ልማድ በአንድ ቀን አይፈርስም።

ስድስተኛ፤ የምሳሌው ፍጻሜ

ጸሓፊው ሄደ እንበል። በመጀመሪያው ቀን ስለ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ተናግሮ ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን ስለ ልጁ እጅ ተናገረ። በአራተኛው ቀን ስለ አጎቱ ቤት ሲጠየቅ ድምፁ ተቋረጠ፤ ሠላሳ ዓመት የሸሸገውንም አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ ወደ ደጁ ከመግባቱ አስቀድሞ ጥቂት ቆሞ «ዛሬ ምን ይዤ እገባለሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ለመደ። ለባለቤቱም «ቤቱን አበላሸሽብኝ» ማለትን ትቶ «ዛሬ አለቃዬ አዋርዶኛል፤ ልቤ ተቃጥሏል፤ ጥቂት ታገሺኝ» ማለትን ተማረ። እርሷም ብዙ ዘመን ዝም ያለችውን ልትነግረው ጀመረች፤ ይህም ለጆሮው መራራ ነበረ፤ ነገር ግን ሳያቋርጣት ሰማ።

ልጁንም አስቀምጦ «በብርጭቆው አንተ አልበደልህም፤ አስፈርቼህ የበደልሁህ እኔ ነኝ» አለው። ልጁ ወዲያው አላመነውም። ሕፃን ቃልን አያምንም፤ ቀንን ቈጥሮ ያምናል። አባትየውም አንድ ሁለት ጊዜ ጮኾ ነበር፤ በጮኸ ቍጥር ግን ሳያድር ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ማታ ልጁ የተሰበረ ሳሕን በሁለት እጁ ይዞ ወደ አባቱ መጣና «አባባ፥ እኔ ነኝ የሰበርሁት» አለው። ሳሕኑ ዋጋ ነበረው፤ አባትየው ግን በዚያ ቀን ከሳሕኑ የሚበልጥ ነገር ተመለሰለት።

አንባቢ ሆይ፥ የቤት ሰላም የሚታወቀው በዝምታ አይደለም፤ ልጅ የሰበረውን ይዞ ወደ አባቱ ሲመጣ፥ ሚስትም ያዘነችበትን ሳትፈራ ስትናገር ነው። ይህም ይሆን ዘንድ አስቀድሞ አንተ የተሰበረውን ነገርህን ይዘህ ወደሚያደምጥህ ሰው ሂድ።

ብቻህን ወይም ከወዳጅህ ጋራ የምታስባቸው ጥያቄዎች

1. በዚህ ሳምንት የተቈጣሁበት ነገር ምንድር ነው? በዚያች ሰዓት በልቤ ያለፈው ሐሳብ ምን ነበረ?

2. በልጅነቴ ሲያመኝ ለማን እነግር ነበር? ዛሬስ ለማን እነግራለሁ?

3. ወደ ቤቴ ስገባ የቤተ ሰቤ ፊት ምን ይመስላል?

4. ሰው ኀዘኑን ሊነግረኝ ሲመጣ እስኪጨርስ አደምጣለሁን? ወይስ ለመምከር እቸኩላለሁ?

5. «ሆድ ይፍጀው» ብዬ የተውሁት ነገር ማንን እየፈጀ ነው?